የክቡርነታቸው ሣር

የባቡር ሐዲዱ ደኑን ሰንጥቆ ባለፈ በአራተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ካቆመ ሁለት ወር ሲሞላው፣ ነፋሱ ከሸለቆው ሽቅብ መንፈስ ጀመረ፤ የጥዱ ቅጠል ደርቆ ረገፈ፤ ምንጩ ቀጠነ፤ የደኑ መንደር ነዋሪዎችም መዶማቸውን አንሥተው የዓመቱን ሥራ ተያያዙት።

ሥራው እንዲህ ነበረ። በመንደሩና በደኑ መካከል ስፋቱ አርባ እርምጃ የሆነ ራቁት መሬት አለ፤ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ከደጁ ፊት ያለውን ድርሻ ጥቁሩ አፈር እስኪወጣ ይቆፍራል፤ ሥሩን ይለቅማል፤ ቅጠሉን ይጠርጋል። ሲጨርስ ባለ ችቦው ይመጣል። ባለ ችቦው ጢሙ በየዓመቱ የሚለበለብ ነገረኛ ሽማግሌ ነው፤ የሚነድ ጭድ በየድርሻው ላይ ይጥላል፤ እሳቱ በወደቀበት ከከሰመ «ይበል» ብሎ ያልፋል፤ አንድ ክንድ እንኳ ከሄደ በእርጥብ ጆንያ ደፍቆ ያጠፋውና ባለቤቱን እንደገና ያስቆፍራል። ለገዛ ልጁም አይራራም።

«አባዬ፣ ሦስተኛ ጊዜዬ እኮ ነው! በእኔ ሲሆን ትብሳለህ» አለችው ልጁ፣ ሕፃን ልጇን አዝላ መዶማውን እንደተደገፈች።

«ሦስቴ የቆፈረ ሰው አራተኛው አይከብደውም። በይ የልጅ ልጄን ስጪኝና ቀጥዪ» አላት፤ ሕፃኑንም ተቀብሎ ጢሙን ሲያስጎትት ቆየ።

ከልጁ ቤት ቀጥሎ ያለው ድርሻ የአገረ ገዢው የእንግዳ ማረፊያ ነበረ። ክቡርነታቸው ራቁት መሬት ዓይን ያስቀይማል ብለው በዚያ አርባ እርምጃ ላይ ሣር አዘርተውበታል፤ ሣሩም ውሃ ሲያጣ ጭድ ሆኗል። እኚሁ ሰው በዚያው ዓመት፣ ቃጠሎን ለመከላከል ሲባል፣ በደኑ ዳርቻ እሳት ይዞ የተገኘ ሁሉ ይታሰራል የሚል አዋጅ አስነግረዋል። ጉድ በሉ! እሳት የሚያስቆመውን መሬት አልብሰው፣ እሳት የሚፈትሸውን ሰው ከለከሉ።

ሽማግሌው አዋጁን ሰምቷል፤ ነገር ግን ስለ እርሱ የተነገረ አልመሰለውም። በቀትር ጭዱን ለኩሶ ሣሩ ላይ ጣለው፤ እሳቱም ስድስት እርምጃ ሮጦ ነው በጆንያ የተያዘው። በረንዳው ላይ የነበሩት እንግዶች ጮኹ፤ ዘበኞቹም ሽማግሌውን አንቀው አገረ ገዢው ፊት አቆሙት።

«እሳት መለኮስ መከልከሉን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ፣ ክቡርነትዎ። እኔ የምለኩሰው እሳት የት ድረስ እንደሚሄድ ለማወቅ ነው። የሁሉም ደጅ ላይ ቆመ፤ የእርስዎ ደጅ ላይ ሮጠ።»

«እና ምን ላድርግልህ?»

«ይቆፈር፣ ጌታዬ። አጠገቡ ልጄ አራስ ቤት ናት ማለት ይቻላል፤ ሕፃን ይዛለች። እኔን ማሰር ከሆነ ይሰሩኝ፤ አቤት አልልም። ሣሩን ብቻ ያስቆፍሩልኝ።»

አገረ ገዢው ሳቁ። «በሚመጣው ሳምንት ሚኒስትሩ ይመጣሉ። አፈር ላይ ላስቀምጣቸው?» ወደ ጸሐፊያቸውም ዞረው «ጻፍ! እሳት ሲያነድ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ሦስት ወር» አሉ። ጸሐፊው በሚያምር እጁ ጻፈ።

አባቷ ሲታሰር ልጁ የራሷን ድርሻ፣ ፈታሽ ሳይኖርባት፣ አራተኛ ጊዜ ቆፈረችው። ቀጥላም ሣሩን ልትቆፍር ገባች፤ ዘበኞቹ መዶማዋን ነጥቀው አባረሯት። በማግስቱ ሌላ መዶማ ተውሳ ተመለሰች፤ ያንንም ነጠቋት።

ሽማግሌው በታሰረ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ከባቡሩ ጭስ ማውጫ የወጣ ፍንጣሪ ደኑን አቀጣጠለው። እሳቱ እየተምዘገዘገ መጥቶ ጥቁሩ አፈር ጋ ሲደርስ ቆመ፤ በመንደሩ ርዝመት ሁሉ ቆመ፤ በአንድ ቦታ ብቻ ገባ፤ በክቡርነታቸው ሣር። ማረፊያውን በልቶ ወደ ቀጣዩ ጣሪያ ተሻገረ። ልጅቱ ሕፃን ልጇን በመስኮት ለጎረቤት አቀበለች፤ እርሷ ከመውጣቷ በፊት ጣሪያው ወደቀ።

እስር ቤቱ ከመንደሩ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሽማግሌው ጭሱ ሲሸተው በሩን በሁለት እጁ እየደበደበ «በየት በኩል ገባ? በየት በኩል ነው የገባው?» እያለ ጮኸ። ዘበኛው ሮጦ አጣርቶ መጣና «በማረፊያው በኩል ነው፣ አባባ» አለው። ሽማግሌው እጆቹን ከበሩ ላይ አወረደ። ሦስቱ ወር ሳይሞላ እዚያው ሞተ።

ስለ ቃጠሎው ምርመራ ተደረገ። ዓይናቸውን በጨው የታጠቡት አገረ ገዢ፣ እሳቱን የለኮሰው ቀደም ሲል እጅ ከፍንጅ የተያዘው ሽማግሌ ነው ብለው ለበላይ ጻፉ፤ አዋጁም ገና ከመነሻው ትክክል እንደነበረ ተመሰገነ፤ ክቡርነታቸውም ደን በመጠበቅ ኒሻን ተሸለሙ። በቃጠሎው ዕለት ሽማግሌው በእስረኞች መዝገብ ላይ ተቆጥሮ ይገኛል፤ የቆጠረውም ያው ጸሐፊ፣ በዚያው በሚያምር እጁ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ቤት፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን አንዱን ብቻ አንሥተው ገለበጡ። እንዲህ ያለው ስንፍና ይቅር የሚባል አይደለም።

ሕፃኑ በጎረቤት እጅ አደገ። ትምህርት ቤት ገብቶ ማንበብ በለመደ ጊዜም፣ እናቱን ያቃጠላት አያቱ መሆኑን ከመጽሐፍ አነበበ።