በአባት ስም ያለች ፔጆ

ሬሳው ከነባርኔጣው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኢንስፔክተር ዘርፈሽ ከዚራ ሰፈር ካለው ግቢ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተቃርቧል፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ግን ገና አልራራችም። የባቡር ጡረተኛው አቶ ኃይለየሱስ ከቤታቸው የምዕራብ ግድግዳ ሥር፣ በብረት ወንበር ላይ፣ ኮት ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው ተቀምጠዋል። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመታቸዋለች። ከባርኔጣው ሥር የጭንቅላታቸው ኋላ ተፈንክቷል።

«ሰዓቱን አትጠይቂኝ» አላት ሐኪሙ። «በዚህ ሙቀት ሬሳ ሰዓት አይናገርም።»

«ከሰው ሁሉ ከሬሳ ጋር ተስማምቼ ነበር፤ እሱም ጀመረኝ» አለች ዘርፈሽ፣ ግንባሯን በመሐረብ እየጠረገች። ሞት ማየት ድሮ ያስደነግጣት ነበር፤ አሁን የሚያደክማት የቤተሰብ ነገር ነው። የባዕድ ገዳይ ቢያንስ አልቅሶ አያስቸግርም።

በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማል። «አብዲ ነው! መኪናዋ ስለተሸጠችበት ነው!» ይላል። አብዲቃድር የአቶ ኃይለየሱስን ሰማያዊ ፔጆ ለዓመታት ታክሲ አድርጎ ሲነዳ፣ ልጆቹንም በእሷ ሲያሳድግ ኖሯል። ፔጆዋ ግን በአዛውንቱ ስም ናት። ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ የመጣው ልጃቸው ክፍሉ አባቱ በሰጡት ውክልና ሸጧታል። ሬሳው አጠገብ የተገኘው ደግሞ አብዲቃድር ነው፤ እጁ በካቴና ታስሯል።

«ለምን መጣህ?» አለችው ዘርፈሽ።

«ደላላው አሥር ሰዓት ላይ ደውሎ ‹ተሸጠች› አለኝ። ኃይሌን ልለምነው በረርኩ። ‹አቦ፣ እዚህ ፀሐይ ላይ ምን ትሠራለህ?› ስለው ዝም አለኝ። ባርኔጣውን ነካ አደረግሁ። ወላሂ፣ ሌላ አልነካሁም።»

«ጠዋትስ የት ነበርክ?»

አብዲቃድር አንገቱን ደፋ። «ቀፊራ ገበያ። ስልኬን አጥፍቼ እየሠራሁ ነበር።» ፊቱ ላይ ያለው ፍርሃት ሳይሆን ሐፍረት መሆኑን ዘርፈሽ አየች፤ ለጊዜው አለፈችው።

ክፍሉ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆበታል። ልጅነቱን እዚህ ቢያሳልፍም ከሄደ ቆይቷል፤ እንደ ድሬ ሰው ሳይሆን ሰውን አንቱ ማለት ለምዷል።

«ጠዋት ስወጣ ደህና ነበሩ፣ ኢንስፔክተር። ውልና ማስረጃ ሄጄ ከገዢው ጋር ተፈራረምኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሼ ሽያጩን ነገርኳቸው። መረቁኝ። ከዚያ ወጣሁ።»

«የት ሆነው መረቁህ?»

«እዚችው ወንበር ላይ፣ እዚሁ ቦታ። ደግሞ የት ይሄዳሉ?»

«ምሳቸው አልተነካም።»

«አልራበኝም አሉኝ።»

ታናሽ እህቱ አስካለማርያም ከኢንዱስትሪ ፓርክ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ነው የመጣችው። ዕንባዋ እስኪበርድ ዘርፈሽ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ጠበቀች፤ ጉልበቷ ግን ተቃወመ።

«ግቢውን ጠርጌ ስወጣ ጫማውን ሲወለውል ነበር» አለች አስካለ። «‹ወዴት ነው አባዬ?› ስለው ‹ቢሮ› ብሎ ሳቀብኝ። እሱ እኮ ከግቢ አይወጣም። ቀኑን ሙሉ ወንበሩን ሲጎትት ነው የሚውለው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰዓት የሚያውቀው በወንበሩ ድምፅ ነው።»

ዘርፈሽ ቤቱን ዞረችው። ከምዕራቡ ግድግዳ እስከ ምሥራቁ፣ የወንበር እግር ለዓመታት የቆፈረው ቦይ አለ። ቦዩ ውስጥ የዛሬው የመጥረጊያ ጭረት እንዳለ ነው፤ የሻረው ነገር የለም። የበሩ ደረጃ ደግሞ በውኃ ታጥቧል፤ ሌላው ሲሚንቶ ሁሉ አቧራ እንደለበሰ ነው። ብድግ ስትል ወገቧን ያዘች። ገብቷታል፤ ባይገባት በወደደች ነበር።

በማግስቱ፣ ሬሳው ገና ከሆስፒታል ሳይመጣ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ከምዕራቡ ግድግዳ ፊት ለፊት ሰበሰበቻቸው። ገዢውም ነበር፤ አብዲቃድር ከነካቴናው ቆሟል።

«ክፍሉ፣ እስቲ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥና አባትህ የመረቁህን ንገረን» አለች።

ክፍሉ ተቀመጠ። ብረቱ ወዲያው አስፈንጥሮ አስነሳው።

«ይፋጃል፣ አይደል?» አለች ዘርፈሽ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ትናንት ስምንት ሰዓትም እንዲሁ ነበር። ይህ ግድግዳ ጥላ ያለው ጠዋት ብቻ ነው። ቀትር ሲሆን አባትህ ወንበሩን ወደ ምሥራቅ ይጎትቱ ነበር። ትናንት አልጎተቱም፤ ቦዩ አልተነካም። ስለዚህ ጥላው ከዚህ ሳይሸሽ ሞተዋል።»

«አብዲ ጠዋት መጥቶ ቢሆንስ?»

«አብዲ ቢገድላቸው ስምንት ሰዓት ላይ ማን መረቀህ? ትናንት ስምንት ሰዓት ቤት አልመጣህም። ብትመጣ ፀሐዩን ታይ ነበር፤ ውሸትህንም ታስተካክል ነበር። አባትህ ከሰዓት በኋላ በሕይወት እንዲኖሩ የሚፈልግ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ በውክልና የፈረመው። ወካይ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይሞታል። ሞታቸውን ብትናገር መሸጥ አትችልም ነበር።»

ገዢው «ያ አላህ!» ብሎ ወደኋላ አለ።

«ኮትና የተወለወለ ጫማ፣ በዚህ ሙቀት» ቀጠለች። «‹ቢሮ› ያሉት ውልና ማስረጃን ነው። ውክልናውን ሊሽሩ ነበር።»

ክፍሉ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አልመታኋቸውም። ‹ውክልናውን አነሳለሁ፤ ፔጆዋን በአብዲ ስም አዛውራለሁ› አሉኝ። እኔ ልጃቸው እያለሁ! ገፋ ሳደርጋቸው ደረጃው ላይ ወደቁ። ሲሞቱ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ የተኙ እንዲመስሉ።»

አስካለ ጮኸች። ዘርፈሽ ሲወስዱት አየች፤ መርታቷ ቅንጣት አላስደሰታትም። የአብዲቃድርን ካቴና ራሷ ፈታችለት። እሱ ግን ነፃ እንደወጣ ሰው አልሆነም፤ በፔጆዋ መስኮት አሻግሮ የሚያይ ይመስል በሩ ላይ አፈጠጠ።

«ጠዋት የት እንደነበርክ ስጠይቅህ ያፈርከው ለምንድን ነው?»

«ኃይሌ ከትናንት ወዲያ ማታ ደውሎ ነበር» አለ። «‹ነገ ጠዋት ፔጆዋን ይዘህ ና፣ ቢሮ ታደርሰኛለህ› አለኝ። እኔ ቁልፉን ሊቀበለኝ መሰለኝ። ‹ከሸጡም ዛሬን ልሥራባት› ብዬ ስልኬን አጠፋሁ። ጫማውን ወልውሎ የጠበቀው እኔን ነው።»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለአስካለ ዘረጋላት። አስካለ የአብዲቃድርን ጣቶች አንድ በአንድ አጥፋ በቁልፉ ላይ ጨበጠችለት፤ ከዚያ የሚፋጀውን ወንበር በነጠላዋ ይዛ በቦዩ ወደ ምሥራቅ ጎተተችው። ጎረቤቱ ሁሉ ድምፁን ሰማ።