ይቅርታ የሚባለው ማባያ

«እስከ ማታ አዲስ ስም ካወጣችሁለት እወስደዋለሁ» ብሎ ነበር ባለሱቁ። «‹ይቅርታ› የሚባል ማባያ ማን ይገዛል? ሰው የተበላሸ ይመስለዋል።»

ድንቡሼ ስክሪብቶዋን ይዛ ባዶ ወረቀቶቹ ፊት ተቀምጣለች። ጠርሙሶቹ ላይ የሚለጠፈውን ስም የምትጽፈው እሷ ናት፤ የእናቷ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። እውነቱን ለመናገር፣ ያንን ስም ከባለሱቁ ይልቅ የጠላችው እሷ ናት። ክፍል ውስጥ ልጆቹ «ይቅርታ መጣች» እያሉ ሙድ ይይዙባታል።

«‹ንግሥት› ልበለው?»

«የወደድሽውን በይው። እኔ እንደሆነ በር ላይ ቆሞ መሸጥ ታክቶኛል» አለች እናቷ ቃሪያ እየከተፈች። ድምጿ ግን ቅር ያላት ሰው ድምፅ ነበር።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ‹ይቅርታ› ያለው ማን ነው?»

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አንቺ ሳትወለጂ ነው። ድስቴ ጠፋብኝና ጎረቤታችንን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ሰው ፊት ‹ሌባ› አልኳት። ለካ ለእህቴ አውሼው ረስቻለሁ። ሄጄ ላናግራት ብል ምላሴ ተሳሰረ፤ ኩራቴ ለጉድ ነበር። በዚያው ድስት ይህን ሠራሁና ጠርሙስ ሞልቼ፣ ‹ይቅርታ› ብዬ ጽፌበት በሯ ላይ አስቀመጥኩት።»

«ከዚያስ?»

«ሳምንት ሙሉ ዘጋችኝ። ከዚያ ባዶ ጠርሙሱን አጥባ ይዛ መጣች። ‹አንቺ፣ ይቅርታሽ አለቀ፤ ሌላ የለሽም?› አለችኝ። ሳቅሁም አለቀስኩም። ለካስ ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡትን ሁሉ ስታቀምስ ከርማለች። ‹ያ ይቅርታ የሚባለው አለ?› እያሉ ደጄን አጣበቡት። ስም ያወጡለት እነሱ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ድንቡሼ አንገቷን ደፋች። አሁን ያፈረችው በስሙ ሳይሆን በራሷ ነው። «ን» ብላ የጀመረችውን ወረቀት ጨመደደችና በሌላው ላይ ከወትሮው ተለቅ ባሉ ፊደላት «ይቅርታ» ብላ ጻፈች።

እናቷ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሳ አየችው። «ባለሱቁ አይወስደውም እኮ።»

«ይተወው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ እኔ እቆማለሁ።»

«የክፍልሽ ልጆች እኮ በዚሁ በር ነው የሚያልፉት፣ ልጄ።»

ድንቡሼ የጻፈችውን ወረቀት አንዱ ጠርሙስ ላይ ለጠፈችው።

«ይለፉ» አለችና ሌላ ወረቀት ሳበች።