ያስተካከልኩት ስክሪን

እኔ የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ሻዬን ይዤ ወንበር የምቀይር ሰው ነኝ፣ ሥራዬ የኮምፒውተር ጥገና ነው፣ አንድ ነገር አልሠራ ካለ ወይ ገመዱ ላልቷል ወይ ሰው ነካክቶታል፣ ሦስተኛ ምክንያት አላውቅም ነበር።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ነው፣ ቦንጋ አንድ ቢሮ ውስጥ የመሬት ካርታ የምትሠራ አልማዝ የምትባል ልጅ ደወለችልኝ፣ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኘችው አዲሱ ሞኒተር ምስሉን ወደ ጎን እየለጠጠ አስቸግሯት። ዝናቡን እየረገምኩ ደረስኩ። አጠገቧ ጋሽ ቆጭቶ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከማንኪራ በእግራቸው የመጡ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጉዳያቸውን እሷ ነገረችኝ፤ ከሰዓት ኮሚቴ ይቀመጣል፣ የአባታቸው የቡና መሬት ላይ ቤት እንደነበረ ከአየር በተነሳው የድሮ ፎቶ ካልታየ፣ መሬቱ ባለቤት የሌለው ጫካ ተብሎ ይመዘገባል። የሚመሰክርላቸው እኩያ አልቀረም። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ የሚታየው ዛፍ ብቻ ነው።

ሪዞሉሽኑ፣ የምስሉን ስፋትና ቁመት የሚወስነው ቁጥር፣ ነበር የተሳሳተው፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው ብዬ ማውዙን ስይዝ ጋሽ ቆጭቶ ተነስተው ሞኒተሩን በጣታቸው ነኩ።

«ቤታችን ይኸው» አሉ ቀስ ብለው።

ጎንበስ አልኩ፤ እውነትም ክብ የሳር ጣሪያ፣ ዙሪያውን አጥር። ላፕቶፑን አየሁ፣ ዛፍ። ሞኒተሩን አየሁ፣ ቤት። ያው አንድ ፎቶ፣ ያው አንድ ገመድ፣ እመኑኝ። አልማዝ ቶሎ ብላ አተመችው፣ ወረቀቱ ላይ ዛፍ ወጣ። መለስ ብለን ስናይ ከጣሪያው ጭስ ይወጣል፣ ቅድም ጭስ አልነበረም፣ እምላለሁ። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፣ ሩቅ ሆኖ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ዓይነት፣ ሞኒተሩ ደግሞ ስፒከር የለውም። ግራ ገባኝ።

ግራ የገባው ሰው የሚያውቀውን ነው የሚሠራው፤ ላስተካክለውና ቤቱ ጥርት ብሎ ይታይ አልኩ፣ ትክክለኛውን ሪዞሉሽን መርጬ ተጫንኩት። ስክሪኑ ጨለመ፣ ተመለሰ። ቅጠሉ ሁሉ የሚቆጠር ሆነ፣ ቤት ግን የለም። ፈለጣውም ቆመ።

«ልጄ፣ ብልሹውን መልስልኝ» አሉኝ ጋሽ ቆጭቶ።

የነበረበትን ቁጥር ሳላይ ነበር የቀየርኩት። ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ ሞከርኩ፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ሁሉም ዛፍ ነው። ኮሚቴው ተቀመጠ፣ መሬቱም ጫካ ተብሎ ተጻፈ። ጋሽ ቆጭቶ አልተቆጡኝም፣ ሥራህን ነው የሠራኸው ብለው ባርኔጣቸውን አድርገው በዝናቡ ወጡ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬም የተለጠጠ ስክሪን ሲመጣልኝ መጀመሪያ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ጆሮዬን አስጠጋለሁ፣ ሰዎች ይስቁብኛል። ቤቱንስ እሺ፣ ዓይኔ ነው ልበል። ጭሱ ግን እዚያው ቆመን ነው የተነሳው፣ እሳት የሚያነድ ሰው ውስጥ ነበረ ማለት ነው፣ እኔ ስጫነው የት ገባ?