አራት ጣት የዘመመ ግድግዳ

በዚያ ሐሙስ ጧት ሶሊያና ከቤት ስትወጣ ልቧ ከእግሯ ቀድሞ ነበር። መሐንዲስ ተብላ ከተቀጠረች አምስት ወሯ ቢሆንም እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዋ ሌሎች ለክተው ያመጡትን በኮምፒውተር መገልበጥ ብቻ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ላይ የወረደው በረዶና ዐውሎ ነፋስ ግን ክፍለ ከተማው ያሉትን ባለሙያዎች ሁሉ አዳርሶ እሷም ዘንድ ደረሰ። ቅጹን፣ ሜትሩንና ቱንቢውን በቦርሳዋ ይዛ ማራኪ ሰፈር ላይ ከሚኒባስ ወረደች።

ትእዛዙ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ቤት በውጭ በኩል ዞሮ ማየት፣ ነፋስ የሰበረውንና በረዶ የደበደበውን መለካት፣ ፎቶ ማንሳት፣ መጻፍ። ለነዋሪው የሚያሰጉት ቤቶች ክረምቱ ሳይገባ ይጠገናሉ። ዝርዝሩ በሚቀጥለው ዐርብ በዐሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ እስከ መስከረም ይጠብቃል።

አምስተኛው ቤት የመሪጌታ ሀብተሥላሴ ነበር፤ ዕድሜያቸውን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በሩ ላይ የተቀበሏት ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሽ ናቸው።

«እማማ፣ በዐውሎ ነፋሱ ምን ጉዳት ደረሰባችሁ?»

«ኧረ ምንም! ምን እንሆናለን የኔ ልጅ! ክብር ምስጋና ይግባውና ሁሉ ሸጋ ነው። ምነው ቆምሽ? ግቢ እንጂ!»

ሶሊያና ዞር ዞር ብላ አየች። እውነትም ሁሉ ሸጋ ነው። ግድግዳው ተለስኗል፣ ግቢው ተጠርጓል፣ አንዲት የወደቀች ቅጠል እንኳ የለችም። እስክሪብቶዋን አውጥታ «ጉዳት የለም» ብላ ልትጽፍ ስትል የግቢው በር ተከፈተና ነጭ ጋዋን በክንዱ ያንጠለጠለ ወጣት ገባ። ቤቱን ሲያይ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

«እማዬ! ምን አደረግሽው?»

«ምን አደረግሁት? ከመንግሥት ቤት ሰው ይመጣል ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? እንግዳ በፈረሰ ቤት ይቀበሉታል?»

ነገሩ ወዲያው ገባት። ሴትዮዋ ጎረቤት አስተባብረው በሁለት ቀን ውስጥ ግድግዳውን መርገው፣ የተገነጠለውን ቆርቆሮ አስመትተው፣ ጉዳቱን ሁሉ ጥርግ አድርገው ደብቀውታል። እንግዳ አክባሪነት እንዲህ ጉድ ሲሠራ ሶሊያና አይታ አታውቅም። ሳቋን ለመዋጥ ቅጹን አፏ ላይ አደረገች፤ ወጣቱ ግን ዓይኗን አይቶ ነቃባትና እሱም ሳቀ። ልዑልቃል ይባላል፤ ሆስፒታል ነርስ ነው።

«ማክሰኞ ዕለት ይኼ ግድግዳ እንዲህ አልነበረም። ይመኑኝ» አላት።

«ማመኔ ምን ይጠቅማል? ያላየሁትን አልጽፍም። ፎቶ አለዎት?»

«የለኝም። አየት አድርጌው ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ፤ እስከ ዛሬ ተረኛ ነበርኩ።»

ሶሊያና ቤቱን ቀና ብላ አየችው። «እንግዲያው እንፈልገዋ!» አለች፤ እንዲህ ስትል ድምፅዋ ለራሷም የበዓል ዋዜማ የልጅነት ድምፅዋን መሰላት።

ፍለጋው ተጀመረ። አውራ ጣቷን ልስኑ ላይ ስትጫን ሰመጠ፤ ገና እርጥብ ነው። ከዛጉት ሚስማሮች መሀል አዳዲሶቹ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። የተጣመመው አሸንዳ በጨርቅ ታስሮ ተገኘ። በረዶው ቆርቆሮውን የት የት እንደጠቀጠቀው ለማየት መሰላል ላይ ወጣች። አንደኛው እግሩ ሸርተት ሲል ክብሩም ትሕትናውም ጠፋባት።

«ያዝ! ኧረ በደንብ ያዝ!» ብላ ጮኸች። ቀጥሎ አፈረች። «ማለቴ... ይያዙልኝ።»

«አንተው ይሻላል» አለ ልዑልቃል ከታች። መሰላሉን የያዘበት እጅ ግን አልተነቃነቀም።

ጓሮ ሲደርሱ ሳቁ ቆመ። ሶሊያና ቱንቢውን ከግድግዳው አናት ለቀቀችው። ገመዱ ተወዛወዘ፣ ረጋ። ሁለቱም ጎንበስ አሉ። በገመዱና በግድግዳው እግር መካከል አራት ጣት ገባ። ግድግዳው ወደ ውጭ ዘሟል።

«በዚህ በኩል የአባቴና የእናቴ አልጋ ነው» አለ ልዑልቃል ቀስ ብሎ። «ግድግዳው ከሄደ ጣሪያው የሚወርደው እነሱ ላይ ነው።»

ልስኑን መፋቅ ግድ ሆነ። ወይዘሮ ይመኙሽ «ምርጊቴን! ወገቤ የተቀነጠሰበትን!» እያሉ ሲጮሁ መሪጌታ ከጓዳ ወጥተው «ተዪ ይመኙሽ፤ ልጅቱ ሥራዋን ትሥራ» አሏቸው። ሲፋቅ ከመስኮቱ ጥግ እስከ መሠረቱ የወረደ ስንጥቅ ብቅ አለ። ልዑልቃል ማስመሪያውን ስንጥቁ ላይ ያዘላት፤ እሷ ፎቶ አነሳች። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ፎቶውን ከፍታ አየችው። ስንጥቁን ሳይሆን ጣቱን ስታይ ፌርማታዋን አለፈች።

ስንጥቁ እየሰፋ መሆን አለመሆኑ በየቀኑ መለካት ነበረበት። ይህ የሙያው ሕግ ነው፤ ሶሊያና አልፈጠረችውም። ልዑልቃል እየለካ በስልክ ይልክላት ጀመር።

«ዛሬ ሁለት ሚሊ ሜትር ጨምሯል።»

«ዛሬ አንድ።»

«ዛሬ ምንም አልጨመረም፤ ቢሆንም ነይና እዪው።»

መጣች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፒያሳ ማኪያቶ ጠጡ፤ ሰኞም እንደገና። ስለ ግድግዳ ጀምረው ስለ ልጅነታቸው ጨረሱ። ማክሰኞ መንገዱ እንዳያልቅባቸው ቀስ እያሉ በእግራቸው ወጡ። ሚኒባስ መያዣው ደርሰው ሲለያዩ ልዑልቃል አንድ ነገር ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀ። ሚኒባሱ ጡሩንባ ነፋ፤ «ነገ እለካዋለሁ» ብሎ ተመለሰ። ሶሊያና በጣም ተናደደችበት።

ዐርብ ጧት ቢሮዋ ውስጥ ቅጹን ስትሞላ ተራ ቁጥር ዐሥራ ሁለት ላይ እጇ ቆመ። «ባለሙያው ከቤቱ ባለቤት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት፦ አለ / የለም። ካለ ዓይነቱ ይገለጽ።»

«አለ» ካለች ፋይሉ ወደ ሌላ ባለሙያ ይዛወራል፤ ሌላው ሰው ዛሬውኑ ሄዶ ካላረጋገጠ ዝርዝሩ ይዘጋል፤ ያ አልጋም ክረምቱን ሙሉ በዚያ ግድግዳ ሥር ይከርማል። «የለም» ብትል ማን ያውቃል? የተባለ ነገር የለ፣ የተደረገ ነገር የለ። ግን እሷ ታውቃለች። ያላየችውን እንደማትጽፍ ነግራው ነበር፤ ያየችውን መካድም ያው ነው። ዓይኗን ጨፍና «አለ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገችና ወደ ኃላፊዋ ወደ አቶ ዓለምነው ሮጠች።

አቶ ዓለምነው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «ምን ዓይነት ግንኙነት ነው? አጎትሽ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«የክርስትና አባትሽ?»

«አይደሉም... ልጃቸውን...» ፊቷ ነደደ። «ልጃቸውን ወድጄዋለሁ።»

እስክሪብቶው ከእጃቸው ወደቀ። «እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«የፈጣሪ ያለህ! ከልጁ በፊት ለጽሕፈት ቤቱ ታመለክቻለሽ?» ብለው ሳቁና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላበጡ። ሁሉም ላይ ማስመሪያ አለ፣ ቀን አለ፣ ሰዓት አለ። ተነሡ፤ ቱንቢያቸውን ከመሳቢያ አወጡ። «በዚህ ላይ ሌላ ሰው ከዜሮ አይጀምርም። እኔው አረጋግጣለሁ። አንቺ ግን ደጅ ትቆያለሽ።»

በባጃጅ ከነፉ። ሶሊያና ከግቢው ውጭ ቆማ ጆሮዋን ጣለች። ወይዘሮ ይመኙሽ በዚህ ሳምንት ትምህርታቸውን በደንብ ቀስመዋል፤ አንዲት ቅጠል አላስጠረጉም። ድምፃቸው እስከ መንገድ ይሰማል፦ «ይኼን አየኸው? ይኼንስ? ያ ደግሞ በደርግ ጊዜ የተሰነጠቀ ነው፣ እሱንም ጻፈው!»

ልዑልቃል ሮጦ ወጣ። «ምነው አልገባሽም? ምን ሆንሽ?»

«ቅጹ ከለከለኝ።»

«የትኛው ቅጽ?»

መልስ ሳትሰጠው አቶ ዓለምነው ከኋላው መጡ። «አራት ጣት አይደለም፤ አምስት ሆኗል። ዛሬውኑ ይደገፋል፤ ባልና ሚስቱም አልጋቸውን ያዛውራሉ» አሉና የፈረሙበትን ቅጽ እንደ ዋዛ ለልዑልቃል አቀበሉት። «ዐሥራ ሁለትን አንብባት።»

ልዑልቃል አነበበ። «አለ» የሚለው ላይ የሶሊያና ምልክት አለ። ዓይነቱ የሚገለጽበት ቦታ ላይ አቶ ዓለምነው በቀይ እስክሪብቶ «በሂደት ላይ» ብለው ጽፈዋል።

ደግሞ አነበበ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ይስቅም ነበር።

«ማክሰኞ ልነግርሽ ነበር እኮ» አለ። «ሚኒባሱ ነው።»

«ሚኒባሱ አሁን የለም።»

«እወድሻለሁ፣ ሶሊያና። ከመሰላሉ ላይ ከጮኽሽብኝ ጀምሮ።»

አቶ ዓለምነው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሰማይ ሰማዩን አዩ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር፤ ፋይሉ ጊዜው ሳይደርስ ገባ። የጓሮው ግድግዳ ከመሠረቱ ተነሥቶ ሰኔ ሳያልቅ ተሠራ።

በጥር ሠርጉ ሲሠረግ የሶሊያና እናት ከአዲሷ ዘመዳቸው ጎን ተቀምጠው ወግ ጀመሩ። «ያ ዐውሎ ነፋስ ቤታችሁን ጎድቶት ነበር አሉ። ምን ምን አደረሰባችሁ?»

ወይዘሮ ይመኙሽ ሙሽራዋን አዩ። ልዑልቃል ጆሮዋ ላይ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር እያላት እሷ ሳቋን ለመዋጥ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ኧረ ምንም!» አሉ። «ምን ጎዳን፤ ልጅ አመጣልን እንጂ።»