አንድ ማከፋፈያ

«ቁንጫ፣ ኧረ በፈጠረሽ አንዴ ቁጭ በይ!» አለ ሎጋው።

የት ትቀመጣለች! እግሯ አላስችል ብሏት የኮምፒውተር ክፍሉን ከበር እስከ መስኮት ትመላለስበታለች። ሁለቱ ጓደኛሞች ወሩን ሙሉ የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት መፈለጊያ ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ሲያደላድሉ ከርመዋል። የመጻሕፍቱን ማውጫ ቆራርጠው ለሦስቱ አከፋፍለው፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሌላ ማሽን ላይ ቅጂ አስቀምጠውለታል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲመልስ። ዛሬ ቲቸር አንዱን ነቅለው ይፈትኑታል። ካለፈ ነገ ሥራ ይጀምራል።

ቅድም እርሳስ ወድቆባት ማሽኖቹ ያሉበት ጠረጴዛ ስር ስትገባ ግን ጉድ አየች። የአንደኛውና የሁለተኛው ማሽን ገመድ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቷል። የታሪክ መጻሕፍቱ ቁራጭ አንደኛው ላይ፣ ቅጂው ሁለተኛው ላይ! ማከፋፈያው ከጠፋ ሁለቱም አብረው ድርግም ነው።

«ትናንት ቲቸር ሲጠይቁህ ‹ሁሉም ለየብቻ ነው የተሰካው› አላልክም?»

«አታካብጂ ባክሽ! የሚነቅሉት አንድ ማሽን ነው። ጠረጴዛ ስር ማን ይገባል? ሌላው ሶኬት ደግሞ እዛ ማዶ ነው፣ ገመዱ አይደርስም።»

«ጽዳት የሚሠሩት እትዬ ይገባሉ። በመጥረጊያ ነካ ቢያደርጉትስ? በፈተና ሰሞን ልጆቹ ፈልገው ባዶ ቢመጣባቸውስ?»

«ያኔ እናስተካክለዋለን። ብትናገሪ ውሸታም የምባለው እኔ ነኝ። ጓደኛዬ አይደለሽም እንዴ?»

አንጀቷን በላው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደጉት፤ እሷ ስትቀጣ ሳይጠሩት አብሯት የተንበረከከ ልጅ ነው።

ቲቸር ገቡ። የአንደኛውን ማሽን ገመድ ከጀርባው ነቅለው ሦስተኛው ላይ «ታሪክ» ብለው ጻፉ። መጻሕፍቱ ተግተልትለው መጡ።

«ጎበዞች! አልፋችኋል» አሉና ገመዱን መልሰው ሰኩት።

ሎጋው ጥርስ በጥርስ ሆነ። ቁንጫ ግን መደሰት አልቻለችም። አፈረች፤ ፈራችም።

«ቲቸር፣ አንዴ ይቆዩ። የቀረን ነገር አለ።»

ሎጋውን ሳታይ ጠረጴዛው ስር ገብታ ማከፋፈያውን አጠፋችው። ሁለቱ ማሽኖች ጭጭ አሉ። ቲቸር እንደገና ቢፈልጉ አንድም የታሪክ መጽሐፍ የለም።

«ይሄ የማን ሥራ ነው?»

«የሁለታችን» አለች ከጠረጴዛው ስር።

ቁንጫ የሁለተኛውን ማሽን ገመድ ነቅላ ወደ ማዶው ሶኬት ሳበችው፤ አንድ ክንድ ያህል ጎደላት። ያኔ ጠረጴዛው ከላይዋ ሲንሸራተት ሰማች። ሎጋው አኩርፎ፣ እሷን ሳያይ፣ ገመዱ እንዲደርስ ወደ ማዶው ሶኬት እየገፋው ነበር።