በጀሪፍ የተቆለፈው በር

እሳት ሊደርስበት በተቃረበ ቤት ደጃፍ ቆሞ፣ «ልግባ ወይ?» ብሎ ፈቃድ የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አትሳቁ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ፈሪም አልነበረም፤ እሳት ማጥፋትን ማንም ሳያስገድደው፣ ያለ ደመወዝ፣ ጎልማሳነቱን ሙሉ የሠራ ሰው ነበር። የቆመውም በሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ወር፣ ካርቱም በሁለት ጦር መካከል በተሰነጠቀችበት ሰሞን፣ በጥቁር ዐባይ ዳር ባለችው በጀሪፍ ነው።

ስሙ ጀምበሬ ነበር። በደርግ ዘመን ጦርና ረኃብ ሰውን እንደ ገለባ ሲበትኑት፣ በመተማ በኩል ድንበር ተሻገረ፤ ገዳሪፍ ላይ ማሽላ አጨደ፤ ኋላም ካርቱም ገብቶ ከወንዙ ጋር ተቆራኘ። በበጋ፣ ውኃው ጎድሎ ቋጥኙ ሲቀርብ፣ ሱዳኖች መሃር የሚሉትን፣ በሁለት ሻካራ ቅርፊት ተከድኖ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚያድገውን የወንዝ ዛጎል፣ ጠልቆ በብረት ዘንግ እየፈነቀለ ያወጣል። ሥጋውን ዐማራት በተባለው የካርቱም ሰፈር ያሉ የቻይና ምግብ ቤቶች ይወስዱታል፤ ቅርፊቱ ተወቅጦ ለዶሮ መኖ ይሆናል። ቅርፊቱ እንደ ምላጭ ነውና መዳፎቹ ከጠባሳ በቀር ሌላ ቆዳ አልነበራቸውም፤ ደረቱ ግን ትንፋሽ መያዝን ተማረ። ስለዚህም የሰፈሩ የእሳት ማጥፊያ ጓድ ሲቋቋም፣ ጭስ ውስጥ የሚላከው መጀመሪያ እርሱ ሆነ። ጀሪፍ የጡብ ምድጃና የሣር ዳስ የሞላባት ሰፈር ናት፤ እሳት በየበጋው ይነሣል፤ የመንግሥት መኪና እስኪደርስም የሚቀረው ዐመድ ነው።

በጓዱ ውስጥ ግን ጀምበሬ የሚባል ሰው አልነበረም። ሀሰን ነበር፤ የደማዚን ሰው፣ ሱዳናዊ። ስሙን መጀመሪያ የቀየረው ለፖሊስ ነው፤ ቀጥሎ ለሥራ፤ በመጨረሻ ለራሱ። አማርኛው የቀረለት ውኃ ውስጥ ብቻ ነው፤ ጠልቆ ትንፋሹን ሲቆጥር «አንድ፣ ሁለት» የሚለው በእናቱ ቋንቋ ነበር። በየብስ ላይ አንዲት ያገሩ ሴት አማርኛ ስትናገር ከሰማ መንገድ ይቀይራል።

የጓዱ አለቃ፣ ሻዊሽ የሚባል የሃምሳ አለቃ የነበረው ጡረተኛው ኢክሪማ፣ ይህን እያየ ይቀልድበት ነበር።

«ያ ሀሰን፣ አንተ ሰው፣ ይህ አፍንጫ የሀበሻ ነው፤ እስቲ እናትህን ጠይቅ!»

«እናቴን ከጠየቅሁ፣ ሻዊሽ፣ ያንተንም አባት ማን እንደሆነ ትነግረኛለች።»

ጓዱ ይስቃል፤ ሻዊሹም ከሁሉ አብልጦ ይስቃል፤ ጀምበሬ ግን ከሳቁ በኋላ ላቡን ይጠርጋል።

በዚያ አገር ባዕድ ወንድ የሰው ግቢ ሲገባ «ያ ሳቲር!» ብሎ ይጣራል። የሰውን ገመና የሚሸፍነውን አምላክ መጥራት ነው፤ በውስጥ ያለች ሴት ትከናነብ ዘንድ ጊዜ ይሰጣታል፤ እርሷም «ኢትፈደል»፣ ግባ፣ ብላ ስትመልስ ይገባል። ጓዱም ይህን ደንብ በእሳት ፊት እንኳ አላፈረሰም፤ ጠርቶ መልስ ያላገኘበትን ቤት ባዶ ነው ብሎ ያልፋል። መልካም ደንብ ነው፤ መልስ መስጠት የተፈቀደለት ሰው በውስጥ ሲኖር።

በዚያ ቀን ረፋድ ላይ መድፍ አንድ ቤት መታ። ጓዱ ከወንዝ ውኃ የሚስብ አንድ ሞተርና በአህያ ጋሪ የተጫኑ በርሜሎች ብቻ ነበሩት፤ ውኃው ለአንድ ቤት እንጂ ለሁለት አይበቃም። ከሚነደው ቤት በግራ የነዳጅ በርሜሎች የተከማቹበት ዳስ አለ፤ በቀኝ የነጋዴው የሂሻም ትልቅ ቤት። ሂሻም ቤተሰቡን ይዞ ወደ ካይሮ ከሸሸ ሰንብቷል።

«ሂድና እይ» አለ ሻዊሽ ኢክሪማ፤ «ሰው ካለ ውኃውን ወደዚያ እናዞራለን።»

ጀምበሬ ወደ ሂሻም በር ሮጠ። በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፏል። «ያ ሳቲር!» አለ፤ ጠበቀ። ደግሞ «ያ ሳቲር!» አለ፤ ዝም። በብረት በሩ ስንጥቅ ሲመለከት፣ በግቢው ሽቦ ላይ የተሰጣ የሴት ልብስ ዐየ፤ ገና ውኃ ያንጠባጥባል። ባለቤቶቹ በሌሉበት ቤት ልብስ አጥባ የምታሰጣ ማን እንደሆነች በካርቱም የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃል። እርሱም ዐወቀ፤ ሀበሻ የቤት ሠራተኛ ናት። በአማርኛ አንዲት ቃል ቢጣራ ይበቃ ነበር፤ ቃሉም እስከ ጉሮሮው መጣ። ነገር ግን ሻዊሹ ተከትሎት ከኋላው ቆሟል፤ ባዕድ ሁሉ ሰላይ በሚባልበት ሰሞን ነው፤ ደግሞም እውነቱን እንናገር፤ ከተዋጊዎቹ ጠመንጃ ይልቅ ያስፈራው የጓዶቹ ዐይን ነበር። ቃሉን ዋጠው።

«ባዶ ነው፣ ሻዊሽ» አለ በዐረብኛ። ውኃውም ወደ ዳሱ ዞረ።

ቤቱ ባዶ አልነበረም። ዘሊካና ሙኒያ የሚባሉ አክስትማማቾች፣ ከወሎ፣ ከወረባቦ የመጡ የቤት ሠራተኞች፣ ዕቃ እንዲጠብቁ ተቆልፎባቸው ነበር። ሂሻም ቁልፉን ኪሱ ሲከት እንዲህ ብሏቸዋል፦ «ከውጭ ከተቆለፈ ሌባ ባዶ ይመስለዋል፤ ለደኅንነታችሁ ነው። ማንም ቢጠራ ድምፅ እንዳታሰሙ።» ከውጭ ጥሪውን ሲሰሙ ሙኒያ የዘሊካን አፍ በመዳፏ ከደነች።

«ዝም በይ» አለቻት በሹክሹክታ፤ «ዐረቦች ናቸው፤ ዘራፊዎች።»

«እሳት ይሸተኛል እኮ፣ ሙኒ!»

«ይሽተትሽ! ዝም ካልን ያልፋሉ።»

በእርግጥም አለፉ። ከዚያ ነፋሱ ዞረ፤ እሳቱ የሂሻምን ጣራ ያዘ፤ የመስኮቶቹ ብረት አላፈናፍን አለ። ከጭሱ ውስጥ አንዲት ሴት፣ «ሙኒ! ሙኒዬ ተነሺ! የሰው ያለህ!» ስትል ጀምበሬ ሰማ። መሃር የሚፈነቅልበትን ዘንግ ይዞ ጓጉንቸሩን ሰበረ፤ ትንፋሹን ስቦ ገባ። ዘሊካ የአክስቷን ልጅ ከኮሪደሩ እየጎተተች አገኛት፤ ትኩስ ብረት የያዙ እጆቿ ተልጠዋል። ሁለቱንም አወጣቸው። ሙኒያ ግን ትንፋሽ አልነበራትም።

«አይዞሽ ልጄ፤ ይዤሻለሁ» አላት ዘሊካን፤ አማርኛው ሳያስበው ወጣ።

ዘሊካ ቀና ብላ ፊቱን መረመረች። «አማርኛ ትችላለህ?»

ጀምበሬ ፊቱን ወደ ሙኒያ አዞረ።

«ቅድም በር ላይ የጠራኸው አንተ ነህ፤ ድምፅህን ለየሁት። ምነው ጋሼ? ምነው በእኛ ቋንቋ ብትጠራን?»

ሻዊሽ ኢክሪማ ጎንበስ አለ። «ያ ሀሰን፣ ምን ትላለች?»

እዚህ ላይ ለጀምበሬ ጠበቃ መሆን የሚፈልግ ሰው ካለ ይተወው። የሞተች ልጅ በእግሩ ሥር ተዘርግታ ሳለ፣ ጀምበሬ ለሁለተኛ ጊዜ ሀሰን ሆነ።

«ውኃ ትላለች» አለ።

ውኃም አመጡላት፤ አልጠጣችም።

በማግስቱ የሰፈሩ ሰዎች ፎቶግራፉን በፌስቡክ አወጡት፤ «የጀሪፉ ጀግና ሀሰን» የሚል ጽሑፍ ሥሩ ነበረበት። የሙኒያ ስም አልተጻፈም። ከካይሮም የሂሻም ድምፅ በስልክ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ተሰማ፦ ንብረቱን ለማዳን ለለፉ ወንድሞች ምስጋና ያቀርባል፤ በቤቱ ማንንም አልተወም፤ የሞተ ሰው ካለ ሰብሮ የገባ ነው።

ተኩስ ጋብ ባለ ቀን፣ የሙኒያ ዘመዶች ካላክላ በተባለው የካርቱም ሰፈር ለቅሶ ተቀመጡ፤ የጓዱ ሰዎችም በአክብሮት ሄዱ። ዘሊካ በጨርቅ የተጠቀለሉ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አንዱ ስልኩን ከፍቶ የሂሻምን ድምፅ አሰማ፤ ለቀስተኛው አቀረቀረ። ልጆቹን ከሂሻም ጋር ያገናኘው ደላላም እዚያው ነበረ፤ ጫማውን ያይ ነበር።

ጀምበሬ ተነሣ። በአማርኛ ጀመረ፤ ቃላቱም እንደ ዛገ ማጠፊያ እየተንቋቁ ወጡ።

«ስሜ ጀምበሬ ነው። በሩ ላይ የቆምሁት እኔ ነኝ። እርጥብ ልብስ ዐይቻለሁ፤ ያገሬ ልጆች መሆናችሁንም ዐውቄያለሁ። ሀበሻ እንዳልባል ብዬ ዝም አልሁ።» ከዚያም ወደ ጓዶቹ ዞሮ ያንኑ በዐረብኛ ደገመው፤ «ውኃ» ብሎ የዋሸውን ጭምር።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው» አለ ሻዊሽ ኢክሪማ፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ «ሀበሻ መሆንህን እኮ ከመጀመሪያው ቀን እናውቃለን። ማን ጠየቀህ? ማንስ ጠላህ?»

ጀምበሬ ይህን ከመስማት በጥይት መመታትን በመረጠ ነበር። የደበቀው ነገር ተደብቆ አልኖረም፤ ሙኒያ የሞተችው ማንም ላልጠየቀው ምሥጢር ነው። ዘሊካ፣ «ተቀመጥ» አለችው እንጂ «ይቅር» አላለችውም፤ ልትልም አይገባትም። ከዚያ ወዲህ ወንዝ ወርዶ አልጠለቀም፤ ሰው «ሀሰን» ብሎ ሲጠራውም አይመልስም።

የዚያን ጦርነት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ድልድዮቹ፣ ስለ አውሮፕላን ማረፊያውና ስለ ጄኔራሎቹ ይጽፋሉ፤ ምናልባት ስለ በጎ ፈቃደኞቹም አንድ መስመር ይሰጡ ይሆናል፤ በዚያች መስመርም የሚከበረው ሀሰን የሚባል፣ ያልነበረ ሰው ነው። ከውጭ የተቆለፈ በር ከታሪክ መዝገብ አይገባም፤ የቆለፉት ሰዎች ታሪኩን ካይሮ ተቀምጠው ያነቡታልና። ጀምበሬ ኀፍረቱን በሰው ፊት አውጥቶ ተሸክሞታል፤ ያነሰ ኀፍረት አይደለም፤ ከዚያ ያስጥለው ዘንድም ማንንም አልለመነም። ደላላው ግን ዛሬም ጫማውን ያያል። ያንተስ ኀፍረት የት አለ፣ ሂሻም? ጓጉንቸሩን ከውጭ የገጠመው የማን እጅ ነው? «ድምፅ እንዳታሰሙ» ያለውስ የማን አፍ ነው? ምስጋናህን ባሰማህበት በዚያው አደባባይ፣ ዘሊካ እየሰማች፣ የሙኒያን ስም ጠርተህ መልስ።