ከራጅ መከለያው ጀርባ የወጡት ሁለት እጆች

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ተማሪዎቼ ስለ መንፈስ ሲያወሩ ሰሌዳው ላይ ሥዕል እየሣልኩ "ምክንያቱ ይኸውና" የምል ሰው ነኝ፣ ስለዚህ እመነኝ፣ የምነግርህ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ ጊዜ ነው፣ እጮኛዬ ሰላም ቡራዩ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ራጅ ታነሳ ነበር፣ ባልደረባዋ ገመቹ ደግሞ ሱሉልታ ቤተሰብ ሊጠይቅ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። እውነቱን ልንገርህ፣ በመዘጋቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ጠባብ የጨረር መከለያ ጀርባ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆሙት፣ እሷም "ገመቹ እንዲህ አለ" ሳትል አትውልም፣ ሠርጉን ልተወው ወይ እስከማለት ደርሼ ነበር።

አንድ ቀን ትምህርት ስላልነበረ ከሰዓት ክሊኒኩ ሄድኩ፣ መከለያውን ልትፈትሽ ስትዘጋጅ ደረስኩ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መከለያው ውስጥ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት አለ፣ ጨረር አያሳልፍም፣ እሷ በምትቆምበት በኩል አዲስ ፊልም በፕላስተር ይለጠፋል፣ ማሽኑ ደጋግሞ ይተኮሳል፣ ፊልሙ ታጥቦ ከጠቆረ ጨረር ያመልጣል ማለት ነው።

"ና፣ የገመቹ ቦታ ላይ ቁም" አለችኝ እየሳቀች።

"የማን ቦታ?"

"ኤጭ፣ ቁም በቃ!"

ቆምኩ። ስትተኩስ ከኋላችን የሆነ ነገር ግድግዳውን ሲነካ ሰማሁ፣ ዞር ስል የተሰቀለው የገመቹ የእርሳስ ሽርጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ንፋስ የሚያነሳው ነገር አይደለም እኮ፣ መስኮቱም ዝግ ነው። ደግማ ስትተኩስ አንድ ወንድ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እኔ አይደለሁም።

ፊልሙ ሲታጠብ ጥቁር ሆኖ መሃሉ ላይ የእጅ አጥንት ታየ፣ የሰላምን የሚያህል ትንሽ ግራ እጅ፣ በላዩ ላይ ትልቅ እጅ፣ የትልቁ እጅ ትንሿ ጣት ጫፍ የላትም። ገመቹን ስጨብጠው የማውቃት ጣት ናት።

"ፊልሙን ነክተሽዋል?"

"አንተ አጠገቤ አልነበርክ እንዴ!" አለች፣ ከንፈሯ ነጥቶ።

ሌላ ፊልም ለጥፈን ደገምነው፣ ሳይጠቁር ጥርት ብሎ ወጣ፣ መከለያው ደህና ነው።

መንገድ ሲከፈት ገመቹ መጣ፣ ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና ሳቀ። "አካም ጅርታ፣ ቲቸር! መንገድ ቢዘጋም ከሥራ አልቀረሁማ!"

ሰላም አልሳቀችም፣ ግራ እጇን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ተጋባን። እስከ ዛሬ አንድ ጥፋት አላገኘሁባትም፣ ግራ እጇን ስይዝ ግን መዳፌ ቆዳዋ ላይ አይደርስም፣ መሃል ላይ ቀድሞኝ የያዛት ቀዝቃዛ ነገር አለ፣ ቀስ ብዬ እጄን እሰበስባለሁ፣ እሷም ለምን ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።